በኖትርዳም ሰገነት 37 ዓመት

የኦርጋን ተጫዋቹ ሉዊ ቪየርን ሙዚቃ የሚደርስበት ወረቀት የሌሎች ደራሲዎችን ወረቀት አይመስልም ነበር። በሙዚቃ ወረቀት ላይ የሚሰመሩት አምስቱ መስመሮች እንደ ልማዱ ተጠጋግተው ከተሰመሩ አይታዩትም። ስለዚህ ወረቀቱ ከተለመደው የሰፋ፣ እርሳሱም የወፈረ መሆን ነበረበት። ዕድሜው እየገፋ ያችኑ ጭላንጭል ዓይኑ እየከዳችው ስትመጣ ደግሞ ወረቀትና እርሳሱን ትቶ በጣት ወደሚነበበው ብሬል ዞረ። ዛሬ የኦርጋን ተማሪዎች ላብ የሚያፈሱባቸው ስድስቱ የቪየርን ሲምፎኒዎች የተደረሱት በዚህ ሁኔታ ነው። የመጀመሪያው በ1899፣ የመጨረሻው በ1930። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመቀጠላችን በፊት ስለ መሣሪያው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ «ኦርጋን» ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው በሰርግ ላይ ዘፋኙ አጠገብ የሚቆመው የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ነው። ቪየርን ለ37 ዓመት የተጫወተበት፣ የፓሪሱ ካቴድራል የኖትርዳም ኦርጋን ከዚያ ጋር ስሙን ብቻ ነው የሚጋራው። ከካቴድራሉ ምዕራባዊ በር በላይ፣ ከፍ ያለ ሰገነት ላይ የተተከለ፣ ቤት የሚያህል ነገር ነው። ድምፁም የሚወጣው እንደ ዋሽንት በነፋስ ነው፤ ልዩነቱ ዋሽንቶቹ በሺህ የሚቆጠሩ መሆናቸው ነው። ትንንሾቹ ቧንቧዎች ከእርሳስ አይበልጡም፣ ረጃጅሞቹ ወደ 10 ሜትር ይጠጋሉ። ነፋሱን የሚሰጠው እንደ አንጥረኛ ወናፍ ያለ ግን እጅግ የገዘፈ ወናፍ ሲሆን፣ ኤሌክትሪክ ከመግባቱ በፊት ይህን ወናፍ በእግራቸው እየረገጡ የሚነፉ ሠራተኞች ነበሩ። የዘመኑ ስመ ጥር የኦርጋን ሠሪ አሪስቲድ ካቫዬ-ኮል በ1868 መሣሪያውን አድሶ ሲያስረክብ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እንደ ደረጃ የተደረደሩ አምስት ኪቦርዶች፣ በእግር የሚመታ አንድ ሌላ ኪቦርድና 86 የድምፅ ዓይነቶች ነበሩት። እያንዳንዱ የድምፅ ዓይነት የሚከፈተው የራሱ እጀታ ሲሳብ ነው። ተጫዋቹ ሁለት እጁ ኪቦርድ ላይ፣ ሁለት እግሩ ፔዳል ላይ ሆኖ የትኛው እጀታ መቼ እንደሚሳብ ማሰብም አለበት።

ቪየርን ይህን ሁሉ የሚያውቀው በዳሰሳ ነበር።

የተወለደው ጥቅምት 8 ቀን 1870 በፖይቲየ ከተማ ሲሆን፣ ከነ ዓይን ሞራው ነው ወደዚህ ዓለም የመጣው። አባቱ ጋዜጠኛ ነበር። ገና በሁለት ዓመቱ፣ ቤት ውስጥ ሰው ፒያኖ ሲጫወት የሰማውን የሹበርት እሹሩሩ ወዲያው በጣቱ እየፈለገ ማውጣት ጀመረ ይባላል። ስለ ሙዚቀኞች ልጅነት የሚወራው ሁሉ እንዲህ ያለ ተአምር ስለማያጣው አንባቢ በመጠኑ ይቀበለው። የተረጋገጠው ነገር አጎቱ ሻርል ኮላን በፓሪስ ኮንሰርቫቶሪ የኦቦ መምህርና የኦርጋን ተጫዋች እንደነበረ፣ የልጁንም ተሰጥኦ ቀድሞ ያየው እሱ እንደሆነ ነው። በ1877 በተደረገለት የዓይን ቀዶ ሕክምና ልጁ ቅርጽ መለየት፣ ትልልቅ ፊደል ማንበብ ቻለ። ከዚያ የበለጠ ብርሃን ግን በሕይወቱ አላገኘም።

አጎቱ አንድ ቀን ልጁን ይዞት ወደ ቅድስት ክሎቲልድ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ኦርጋኑ ላይ የነበረው ሴዛር ፍራንክ ነው። ቪየርን የዚያን ቀን የሰማውን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልረሳውም። በፓሪስ የዓይነ ስውራን ወጣቶች ተቋም ገብቶ፣ ማለትም ሉዊ ብሬል ራሱ በተማረበትና ባስተማረበት ትምህርት ቤት፣ ፒያኖ፣ ቫዮሊንና ኦርጋን ሲማር ዓላማው አንድ ነበር፦ ፍራንክ የሚያስተምርበት የኮንሰርቫቶሪ ክፍል መግባት። በ1890 መከር ላይ ተሳካለት። ፍራንክ በኅዳር 8 ሞተ። ለዓመታት በተመኘው ክፍል ውስጥ ፍራንክ ያስተማረው ለሳምንታት ብቻ ነው።

በፍራንክ ወንበር የተቀመጠው ሻርል-ማሪ ቪዶር ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። ፍራንክ ተማሪዎቹን በፍቅር ይዞ ፈጠራ ላይ ያተኩር ነበር። ቪዶር ግን ከሁሉ በፊት አቀማመጥህን አስተካክል፣ ሰውነትህን አታወዛውዝ፣ እግርህን በሥርዓት አንቀሳቅስ የሚል ነው። ሐዘን ላይ ያሉት ተማሪዎች መጀመሪያ አልወደዱትም፤ ቪየርንም አብሮ አጉረመረመ። ነገር ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላ ቪዶር በሚጫወትበት በቅዱስ ሱልፒስ ቤተ ክርስቲያን ረዳቱ ሆነ፤ በ1894 ደግሞ የኮንሰርቫቶሪውን የኦርጋን አንደኛ ሽልማት ወሰደ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በኮንሰርቫቶሪው ረዳት መምህር ሆኖ አስተምሯል። በእሱ እጅ ካለፉት መካከል በኋላ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሙዚቀኞችን ግማሽ ያስተማረች የምትመስለው ናዲያ ቡላንዤ ትገኝበታለች።

በ1900 ከ1847 ጀምሮ የኖትርዳም ኦርጋን ተጫዋች የነበረው ዩጂን ሰርዣን ሲሞት ቦታው በውድድር እንዲሞላ ተወሰነ። ቪየርን መወዳደር አልፈለገም ነበር፤ የገፋፋው ቪዶር ነው። ግንቦት 21 ቀን ውድድሩ ተካሄደ፣ አሸነፈ። የ29 ዓመት ሰው ነበር። ክብሩ ትልቅ፣ ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ኑሮውን የሚደጉመው የግል ተማሪ በማስተማር ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የቪየርን ታሪክ አንዱ ሐዘን ሳይረግብ ሌላው የሚደርስበት ነው፤ ልብ ወለድ ቢሆን ኖሮ አንባቢ «ደራሲው አበዛው» ብሎ መጽሐፉን ያስቀምጠው ነበር። በ1906 ፓሪስ መንገድ ላይ አደጋ ደርሶበት እግሩ ክፉኛ ተሰበረ፤ ሐኪሞቹ ለመቁረጥም አስበው ነበር። ኦርጋን ለሚጫወት ሰው እግር ማለት ሦስተኛና አራተኛ እጅ ነው። እግሩ ተረፈ፣ ቪየርን ግን በ36 ዓመቱ እንደ ጀማሪ ተማሪ ፔዳል መርገጥን እንደገና ተማረ። በ1909 ትዳሩ ፈረሰ። በ1911 ከቪዶር ቀጥሎ የኮንሰርቫቶሪው የኦርጋን መምህር የነበረው፣ ቪየርንም ረዳት ሆኖ ያገለገለው አሌክሳንድር ጊልማን ሲሞት ወንበሩ ለእሱ ይሆናል ተብሎ ሲጠበቅ ለዩጂን ዢጉ ተሰጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጁ አንድሬ ገና በ10 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ።

ያቺ ጭላንጭል ደግሞ በግላኮማ ትጠፋ ጀመር። በ1916 ለሕክምና ወደ ስዊዘርላንድ ሄደ። ጥቂት ወራት ይቆያል ተብሎ አራት ዓመት ቀረ። እዚያ ሆኖ ነው በ1917 የበኩር ልጁን የዣክን መርዶ የሰማው። ልጁ ዕድሜው ሳይደርስ መዝመት የቻለው አባት ስለፈቀደለት ነበር፤ ሲሞት 17 ዓመቱ ነው። በዓመቱ የቪየርን ወንድም ሬኔ፣ እሱም የኦርጋን ተጫዋችና ደራሲ የነበረው፣ ጦር ሜዳ ላይ ወደቀ። ቪየርን ለዣክ መታሰቢያ ለፒያኖና ለአራት ባለ ክር መሣሪያዎች አንድ ሥራ ደረሰ። የእሱን ሙዚቃ በኦርጋን ብቻ የሚያውቅ ሰው ይህን ኪንቴት ሲሰማ ይደነግጣል፤ ቁጣው አይሸፈንም።

በ1920 ወደ ፓሪስ ሲመለስ ገንዘብ የለውም። ኖትርዳም ላይ ግን ወንበሩ ጠብቆታል። በሌለበት ይተካው የነበረው ማርሴል ዱፕሬ፣ የቀድሞ ተማሪው፣ በዚያ ጊዜ ስሙ እየገነነ ነበር። በኮንሰርት ማስታወቂያዎች ላይ ዱፕሬ የኖትርዳም ኦርጋን ተጫዋች ተብሎ መጠራቱ ቪየርንን አንገበገበው። ሁለቱ ተቀያየሙ፤ ቅያሜውም አልበረደም። ለሩቅ ተመልካች በአንዲት ማዕረግ ይህን ያህል መጣላት ትንሽነት ሊመስል ይችላል። ትዳሩን፣ ልጆቹን፣ ዓይኑን ላጣ ሰው ግን የቀረችው ንብረት ያቺ ማዕረግ ነበረች።

ኦርጋኑም እንደ ተጫዋቹ አርጅቷል። አቧራ የጠጡ ቧንቧዎች፣ የላሉ ማያያዣዎች፤ ማሳደሻ የሚሆን ገንዘብ ግን አልነበረም። ቪየርን በ1927 መጀመሪያ መርከብ ተሳፍሮ አሜሪካ ወረደና ከከተማ ከተማ እየዞረ ለማሳደሻው ገንዘብ ለማሰባሰብ ተጫወተ። በፊላደልፊያ ዋናሜከር የገበያ አዳራሽ ውስጥ የነበረውን፣ ከኖትርዳሙም የሚገዝፈውን ኦርጋን ሞክሯል። ሰዎች ጫማና ኮፍያ በሚገዙበት ሕንፃ ውስጥ እንዲህ ያለ መሣሪያ መኖሩ ለፓሪስ ሰው ምን እንደሚመስል መገመት ነው። እድሳቱ ተጠናቆ ኦርጋኑ በ1932 ሲመረቅ ሽማግሌው ቪዶርም ከቪየርን ጋር ተጫውቷል።

በዚያው 1927 ኖትርዳም ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ተወዳጅ የሆነችለትን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰማ። የለንደኑን የዌስትሚንስተር ሰዓት ደወል ዜማ መነሻ ያደረገች ናት፤ መታሰቢያነቷም ለእንግሊዛዊው የኦርጋን ሠሪ ለሄንሪ ዊሊስ ነው። የደወሉን ዜማ የሚያውቅ ሰው ልብ ብሎ ከሰማ አንዱ ሐረግ ከእውነተኛው ደወል ጋር አይገጥምም። ዊሊስ አንጎራጉሮለት ወይ እሱ ሳተ፣ ወይ ቪየርን አሳስቶ ሰማ ተብሎ ይቀለዳል። ቪየርን ሆን ብሎ ለውጦት ቢሆንስ? ዜማው እንዲያውም የተሻለው እንደዚያ ነው።

በመጋቢት 1937 ቪዶር በ93 ዓመቱ አረፈ። ቪየርን 66 ዓመቱ ሲሆን ልቡ ደክሟል። በሰኔ 2 ምሽት ለ1,750ኛ ጊዜ በሕዝብ ፊት ሊጫወት ወደ ሰገነቱ ወጣ። አጠገቡ ሆኖ እጀታዎቹን የሚስብለት በኋላ በራሱ ድርሰቶች የሚታወቀው ሞሪስ ዱሩፍሌ ነበር። ቪየርን ባለ ሦስት ክፍሉን አዲስ ሥራውን ተጫወተ፤ የመጨረሻው ክፍል ለሞተ ሕፃን የተደረሰ መታሰቢያ ነው። ቀጥሎ የሚጠበቅበት ወዲያውኑ እየፈጠረ መጫወት ነበር። መነሻ የሚሆነው ዜማ፣ ለእመቤታችን የሚዘመር ጥንታዊ የላቲን መዝሙር፣ በብሬል ተጽፎ ቀረበለት። ወረቀቱን በጣቶቹ ዳሰሰ። የሚፈልጋቸውን ድምፆች መረጠ። ከዚያ ወደ ፊት አዘነበለና እግሩ አንዱን ዝቅተኛ የፔዳል ድምፅ ተጭኖ ቀረ።

ያ አንድ ድምፅ ካቴድራሉን ሞላው። የተጫዋቹ ሰገነት ከሕዝቡ ጀርባና ከፍ ብሎ ስለሆነ ታች የተቀመጡት ምን እንደሆነ ማየት አይችሉም፤ ላይ ግን ዱሩፍሌ የወደቀውን መምህሩን ይዟል። ቪየርን ኦርጋኑ ፊት እያለ መሞትን ይመኝ እንደነበር ወዳጆቹ ያውቃሉ።

ወንበሩ የተሰጠው ብዙዎች ለጠበቁት ለዱሩፍሌ ሳይሆን ለሌላው ምክትል ለሌዮንስ ደ ሳን-ማርታን ነው። ሙዚቀኞቹ ተቆጡ፣ ካህናቱ ግን ውሳኔያቸውን አልለወጡም።

ሚያዝያ 15 ቀን 2019 የካቴድራሉ ጣሪያ ሲነድ ኦርጋኑ ከእሳቱ ተረፈ፤ ከጣሪያው የቀለጠው እርሳስ ብናኝ ግን ሸፈነው። ወደ 8,000 የሚጠጉት ቧንቧዎች አንድ በአንድ ተፈትተው ጸድተው ተመለሱ። ታኅሣሥ 7 ቀን 2024 በመክፈቻው ሥርዓት ላይ ሊቀ ጳጳሱ ሎራን ኡልሪክ ከታች ሆነው ኦርጋኑን ስምንት ጊዜ «ንቃ» ብለው ጠሩት። ከሰገነቱ ለእያንዳንዱ ጥሪ የተሰጠው መልስ በጽሑፍ ያልተዘጋጀ፣ ተጫዋቾቹ እዚያው የፈጠሩት ሙዚቃ ነበር።