የአካቶ ትምህርት መምህራን የሥራ ላይ ሥልጠና (ኢትዮጵያ)

አካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች በመደበኛ ክፍል የሚያስተምሩ መምህራን ሥራቸውን ሳያቋርጡ ብሬል፣ የምልክት ቋንቋና ትምህርትን ለልዩ ልዩ ተማሪዎች የማመቻቸት ዘዴ የሚማሩበት ሥርዓት ነው። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ እ.ኤ.አ. በ2006 አወጣች፤ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2010 አጸደቀች። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል አለ።

የጥቂት ቀን ገለጻ ብቻውን ከቶ አይበቃም፤ የብሬል ንባብም ሆነ የምልክት ቋንቋ ረጅም ልምምድ ይጠይቃል። ከሁሉ የሚበጀው በድጋፍ መስጫ ማዕከላት በኩል የሚሰጠው እገዛ ነው። ተዘዋዋሪ መምህራን ከማዕከሉ ተነሥተው በአቅራቢያው ወዳሉ ትምህርት ቤቶች ይሄዳሉ፤ ከክፍሉ መምህር ጋር ትምህርቱን ያቅዳሉ፣ ጽሑፍ ወደ ብሬል ይገለብጣሉ፣ ለፈተናም ተጨማሪ ሰዓት እንዲፈቀድ ያግዛሉ።