ታማኙ ነጋዴና ሐበሻ

በመርካቶ የአንዋር መስጊድ አዛን ሲሰማ ነጋዴው ሚዛኑን አስቀምጦ ለሶላት ይነሣል። የጥሪው ታሪክ ከሐበሻ ጋር የተሳሰረ ነው። በ570 እ.ኤ.አ. ገደማ በመካ የተወለዱት ነቢዩ ሙሐመድ እናታቸው በ6 ዓመታቸው ስትሞትባቸው ሐበሻዊቷ ኡሙ አይመን ተንከባክበዋቸዋል፤ እርሳቸውም እንደ እናት አከበሯቸው። በንግድ ሲሰማሩ በሐቀኝነታቸው «አል-አሚን»፣ ማለትም ታማኙ፣ ተባሉ። እናቱ ሐበሻዊት የነበረችውን፣ ከባርነት ነፃ የወጣውን ቢላልን የመጀመሪያው ሙአዚን አደረጉት። በ615 እ.ኤ.አ. ተከታዮቻቸው ሲሳደዱ ወደ ሐበሻ ላኳቸው፤ ንጉሡም ለአሳዳጆቻቸው አሳልፎ አልሰጣቸውም።

ሆኖም ስደተኞቹን በተቀበለችው አገር መውሊድ የሕዝብ በዓል ሆኖ የታወቀው፣ ሙስሊሞች ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሰልፍ ወጥተው እኩልነትን ከጠየቁ በኋላ ነው። እንግዳን በፍትሕ የተቀበለ አገር ለገዛ ልጁ ፍትሕን ማዘግየት እንደማይገባው ይህ ታሪክ ያስተምራል።