ስዋሂሊን ከግሱ መጀመር፦ ለአማርኛ ተናጋሪ የሚቀለውና የሚያሳስተው

በሞያሌ ገበያ ከኬንያ በኩል ከመጣ ነጋዴ ጋር የሚገበያይ ሰው ቢያንስ ሁለት ቃላትን ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል። «ኒሜሊፓ» ያለ ሰው «ከፍያለሁ» ማለቱ ነው፤ «ኒታሊፓ» ያለ ግን «እከፍላለሁ» ብሏል። ልዩነታቸው አንዲት ፊደል ናት፤ በመካከል የገባችው «ሜ» ወይም «ታ»። ፍየሉን ወይም የሽንኩርት ጆንያውን አስረክቦ ያችን ፊደል ያልሰማ ሻጭ ነገ ሊከፈለው የታሰበውን ገንዘብ ዛሬ እንደተከፈለ ቆጥሮ ሊጨቃጨቅ፣ አለዚያም ያልተቀበለውን ሒሳብ ዘግቶ ሊሄድ ይችላል።

ስዋሂሊ ለመማር የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ጃምቦ» እና «አሳንቴ» የሚሉትን ቃላት ይሸመድድና እዚያው ላይ ይቆማል። ግሱ ይከብደኛል ብሎ ስለሚፈራ ነው። ይሁን እንጂ የስዋሂሊ ግስ የሚሠራበት መንገድ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም፤ እንዲያውም ከሰላምታው ይልቅ የሚቀርበው ግሱ ነው።

ቋንቋው የባንቱ ቋንቋዎች ቤተሰብ አባል ሲሆን የተወለደው በምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ጠረፍ ነው። ስሙም «ጠረፎች» ከሚል የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው። ዛሬ በታንዛኒያና በኬንያ ብሔራዊ ቋንቋ ነው፤ በኡጋንዳና በምሥራቅ ኮንጎም ይነገራል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) የተናጋሪዎቹን ብዛት ከ200 ሚሊዮን በላይ ያደርሰዋል፤ ሰኔ 30 ቀንም የስዋሂሊ ቋንቋ ቀን ሆኖ ይከበራል። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በጥር 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ባካሄዱት ጉባኤ የኅብረቱ የሥራ ቋንቋ እንዲሆን ወስነዋል።

ድምፁና ሰላምታው

የስዋሂሊ አናባቢዎች አምስት ብቻ ናቸው፤ በእኛ ፊደል ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ። የግዕዙ «ኧ» በቋንቋው የለም፤ ስለዚህ «ሰላማ» ሳይሆን «ሳላማ» ይባላል። ድምፁ ጠበቅ የሚለው ከቃሉ መጨረሻ ሁለተኛ በሆነው ቀለም ላይ ነው። «ምቡዚ» (ፍየል) እንደሚለው ባለ ቃል መጀመሪያ ላይ የሚመጣው «ም» ሳድስ ነውና «ሙቡዚ» ብሎ ማስረዘም አይገባም።

«ጃምቦ» በብዛት ለቱሪስት የሚሰጥ ሰላምታ ነው። አገሬው እርስ በርሱ «ሁጃምቦ?» ይባባላል። «ጃምቦ» ማለት ነገር፣ ጉዳይ ነውና «ክፉ ነገር የለብህም ወይ?» እንደ ማለት ነው፤ መልሱም «ሲጃምቦ» (የለብኝም) ይሆናል። ከዚህ ይልቅ የሚዘወተረው «ሃባሪ» ሲሆን ትርጉሙ ወሬ ነው። «ሃባሪ ዛ አሱቡሂ?» ሲሉ የጠዋቱን፣ «ሃባሪ ዛ ንዩምባኒ?» ሲሉ የቤቱን፣ «ሃባሪ ዛ ሻምባ?» ሲሉ የእርሻውን ደኅንነት መጠየቃቸው ነው። ለሁሉም «ንዙሪ» (መልካም) ብሎ መመለስ ይቻላል። የእኛ ገበሬ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹና ስለ ዝናቡ ሳይጠይቅ ወደ ጉዳዩ እንደማይገባ ሁሉ እዚያም ሰላምታን አሳጥሮ ዋጋ መጠየቅ እንደ ነውር ይታያል።

በስዋሂሊ «አንተ» እና «እርስዎ» በግሱ አይለዩም። አክብሮቱን የሚሸከመው የመጠሪያ ቃሉ ነው፤ ሽማግሌውን «ምዜ»፣ እናት የሆነችውን «ማማ»፣ አባት የሆነውን «ባባ» ማለት ያስፈልጋል። በተለይ በታንዛኒያ ታናሽ ታላቁን «ሺካሞ» ብሎ ሳይሰላም አያልፍም። ቃሉ «እግርዎን ያዝኩ» የሚል ፍቺ እንዳለው ይነገራል፤ ጉልበት መሳምን ለሚያውቅ አንባቢ ሐሳቡ አዲስ አይሆንበትም። ታላቁ «ማራሃባ» ብሎ ይቀበላል።

ደጅ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» እንደሚባለው በስዋሂሊ «ሆዲ!» ይባላል፤ ከውስጥ «ካሪቡ» (ይግቡ) የሚል መልስ ይመጣል። ለመሸኛ «ክዋሄሪ»፣ ለምስጋና «አሳንቴ»፣ ለልመና «ታፋዻሊ» አለ። ይህ ጸሐፊ ከሁሉ አብልጦ የወደደው ግን «ፖሌ» የሚለውን ቃል ነው። ሐዘን ለደረሰበት፣ ለታመመና እንቅፋት ለመታው ሰው የሚባል «አይዞህ» ነው። ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚሠራ ሰው አጠገብ ሲያልፉም «ፖሌ ና ካዚ» ይላሉ፤ ስለ ድካምህ አይዞህ፣ በርታ እንደ ማለት ነው።

ግሱ

አማርኛ «እከፍልሃለሁ» በሚል አንድ ቃል ከፋዩን፣ ተቀባዩንና ጊዜውን ይናገራል። ስዋሂሊም «ኒታኩሊፓ» በሚል አንድ ቃል ያንኑ ያደርጋል። ሲበተን «ኒ» እኔ ነው፤ «ታ» ገና የሚመጣ ጊዜ ነው፤ «ኩ» አንተን ወይም አንቺን ነው፤ «ሊፓ» የመክፈል ሥር ነው። ቅደም ተከተሉ አይዛባም፦ ባለቤት፣ ጊዜ፣ ተቀባይ፣ ሥር። የእኛ ግስ ከውስጡ እየተለዋወጠ «ከፈለ»፣ «ይከፍላል»፣ «ከፍሎ» ሲሆን የስዋሂሊው ሥር ግን ባለበት ይቆማል፤ ለዚህም ነው ቀላል የሚሆነው።

ባለቤቶቹ ስድስት ናቸው። «ኒ» እኔ፣ «ኡ» አንተና አንቺ፣ «አ» እሱና እሷ፣ «ቱ» እኛ፣ «ም» እናንተ፣ «ዋ» እነሱ። ወንድና ሴት በግስ አይለዩም፤ «አሜሊፓ» የሚለውን የሰማ ሰው ባልየው ይክፈል ሚስትየዋ ከወሬው አካሄድ መረዳት አለበት።

ጊዜን የሚነግሩት ዋናዎቹ አራት ናቸው። «ና» አሁን እየሆነ ያለውን ይነግራል፦ «ኒናሊፓ» (እየከፈልኩ ነው)። «ሊ» ያለፈውን ይነግራል፦ «ኒሊሊፓ» (ከፈልኩ)። «ሜ» ተፈጽሞ ውጤቱ ያለውን፣ «ታ» የሚመጣውን ይነግራል። በገበያ ላይ ዘወትር የሚሰማው ጥያቄ «ኡሜሊፓ?» (ከፍለሃል?) ነው፤ ቃሉ እንደ ዐረፍተ ነገሩ ነው፤ ጥያቄ የሚያደርገው ዜማው ብቻ ነው። ገንዘብ የሚጠብቅ ሰው «ኡታኒሊፓ ሊኒ?» ይላል፤ መቼ ትከፍለኛለህ? ማለት ነው።

ጥንቃቄ የሚሻው አሉታው ነው። አማርኛ «አል» ብሎ ጀምሮ በ«ም» ይዘጋል። ስዋሂሊ ደግሞ መነሻውን ይለውጣል፦ «ኒ» የነበረው «ሲ»፣ «ኡ» የነበረው «ሁ»፣ «አ» የነበረው «ሃ»፣ ብዙዎቹም «ሃቱ»፣ «ሃም»፣ «ሃዋ» ይሆናሉ። በአሁን ጊዜ የቃሉ መጨረሻም ይለወጣል፤ «ሲሊፒ» (አልከፍልም) ሲል «ፓ» ወደ «ፒ» ዞሯል። «ሲታሊፓ» ወደፊትም አልከፍልም የሚል እምቢታ ነው። «ሲኩሊፓ» ያለፈውን ይነግራል፤ በዚያን ጊዜ አልከፈልኩም ማለት ነው። «ሲጃሊፓ» ግን ገና አልከፈልኩም፣ ዕዳውን አልካድኩም የሚል መልእክት አለው። «ሲታሊፓ» እና «ሲጃሊፓ» በጆሮ ይቀራረባሉ፤ አንዱ ጠብ ነው፣ ሌላው ቀጠሮ ነው።

«ኩ» የሚለው ቀለም ሦስት ሥራ ስላለው ተማሪን ያደናግራል። «ኩሊፓ» ሲል የእኛ «መክፈል» ላይ ያለው «መ» ነው፤ «ኒታኩሊፓ» ላይ «አንተን» ነው፤ «ሲኩሊፓ» ላይ ያለፈ አሉታ ነው። የሚለየው በቆመበት ቦታ ነው።

የእኛ «ተ» እና «አስ» ደግሞ በስዋሂሊ ጅራት ሆነው ይመጣሉ። «ሊፒሻ» አስከፈለ፣ «ሊፕዋ» ተከፈለው፣ «ሊፒያ» ከፈለለት እንደ ማለት ናቸው። በዚሁ መንገድ «ሊማ» ከሚለው የማረስ ሥር «ምኩሊማ» (ገበሬ)፣ «ዋኩሊማ» (ገበሬዎች) እና «ኪሊሞ» (ግብርና) ይወጣሉ፤ «ፓንዳ» (ተክል)፣ «ቩና» (እጨድ)፣ «ኡዛ» (ሽጥ) እና «ኑኑዋ» (ግዛ) ከተጨመሩ አንድ የእርሻ ዓመት መተረክ ይቻላል። «ዋኩሊማ ዋናቩና ማሂንዲ» ሲባል ገበሬዎቹ በቆሎ እያጨዱ ነው። «ማሂንዲ» የሚለው ስም ከሕንድ ጋር የተያያዘ ነው፤ እኛም በቆሎን በአንዳንድ አካባቢ «የባሕር ማሽላ» እንላለን፤ ሁለታችንም ከባሕር ማዶ እንደመጣ አልረሳንም።

ቍጥር፣ ሰዓትና የገበያ ቀን

የእርሻና የገበያ ቃላት ብዙ ናቸው፤ «ምቤጉ» ዘር፣ «ምቦሌያ» ማዳበሪያ፣ «ምቩዋ» ዝናብ፣ «ኩኩ» ዶሮ፣ «ንጋኖ» ስንዴ፣ «አሳሊ» ማር። ከዐረብኛ የገቡት ደግሞ ያለ መዝገበ ቃላት ይገባሉ፦ «ሚዛኒ»፣ «ሄሳቡ»፣ «ፋይዳ» (ትርፍ)፣ «ሃሳራ» (ኪሳራ)፣ «ሳባቡ»፣ «ሳቡኒ»፣ «ዳኪካ»። ዋጋ ለመጠየቅ «ቤይ ጋኒ?»፣ ቀንስልኝ ለማለት «ፑንጉዛ ኪዶጎ» ይበቃል።

ይህ መመሳሰል ወጥመድም አለው። «ሳባ» ሰባት ነው እንጂ ሰባ አይደለም፤ ሰባ «ሳቢኒ» ነው። «ኤልፉ» ሺህ ነው፤ የእኛ «እልፍ» ግን አሥር ሺህ ነው። እንግዲህ «ኤልፉ ሳባ» የተባለ ዕቃ ዋጋው 7,000 ሽልንግ ነው።

ሰዓት ላይ ግን እንደ እኛ የታደለ ተማሪ የለም። ስዋሂሊ እንደ አማርኛ ከንጋት ይቆጥራል፤ «ሳ ሞጃ አሱቡሂ» ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ «ሳ ሲታ ምቻና» ከቀኑ 6 ሰዓት ነው። ሩቡ «ሮቦ»፣ ግማሹ «ኑሱ» ይባላል። የኢትዮጵያ፣ የኬንያና የታንዛኒያ የሰዓት ክልልም አንድ ነው። አውሮፓውያን ስድስት ሰዓት እየደመሩና እየቀነሱ የሚቸገሩበትን እኛ እንደ ቤታችን እንሰማዋለን። በአውቶቡስ ትኬት ላይ በአኃዝ የሚጻፈው ግን የአውሮፓው አቆጣጠር ስለሆነ 8:00 የሚል ትኬት የያዘ ሰው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ መገኘት አለበት።

የሳምንቱ ቀናት ቅዳሜን አንድ ብለው ይጀምራሉ፦ «ጁማሞሲ» ቅዳሜ፣ «ጁማፒሊ» እሑድ፣ «ጁማታቱ» ሰኞ፣ «ጁማንኔ» ማክሰኞ፣ «ጁማታኖ» ረቡዕ። «ታኖ» አምስት ነውና «ጁማታኖ»ን ሐሙስ ነው ብሎ ገበያ የሚወጣ ሰው በአንድ ቀን ይዘገያል። ሐሙስ «አልሃሚሲ» ነው፤ ያም በዐረብኛ አምስተኛ ማለት ስለሆነ የስዋሂሊ ሳምንት ሁለት አምስተኛ ቀኖች አሉት። ዓርብ «ኢጁማ» ይባላል።

ገበያው አልቆ ሲለያዩ «ክዋሄሪ» ይባላል፤ በድጋሚ ለመገናኘት የሚያስቡ ሰዎች ግን «ቱታኦናና» ይላሉ። «ቱ» እኛ፣ «ታ» የሚመጣ ጊዜ፣ «ኦና» ማየት፣ መጨረሻዋ «ና» እርስ በርስ ናት፤ እንተያያለን።