ጋቦዬ

ጋቦዬ በሶማሌ ሕዝብ ውስጥ በእጅ ሙያቸው ሰበብ ሲገለሉ የኖሩ ማኅበረሰቦች የጋራ መጠሪያ ነው። በሶማሊላንድ፣ በሶማሊያና ጅግጅጋን ጨምሮ በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ይኖራሉ። ቋንቋቸው ሶማልኛ፣ ሃይማኖታቸው እስልምና ነው።

ቡድኖችና ሙያ

በስፋት የሚታወቁት ሦስት ናቸው። ማዲባን በአደን፣ በቆዳ ሥራና በፀጉር ማስተካከል፣ ቱማል በብረት ቅጥቀጣ፣ ይብር ደግሞ በቆዳ ሥራና በምርቃት ይታወቃሉ። ልጅ ሲወለድና ሠርግ ሲደገስ ለይብር ስጦታ መስጠት የቆየ ልማድ ነው። ማዲባንን «ሚድጋን» ብሎ መጥራት እንደ ስድብ ይቆጠራል።

የመገለል መሠረት

መገለሉ ጎልቶ የሚታየው በጋብቻና በደም ካሳ ነው። ሌሎች ጎሳዎች ለጋቦዬ ልጃቸውን አይድሩም፣ ከእነርሱም አያገቡም። ሔር በተባለው የሶማሌ ባህላዊ ሕግ ለተገደለ ወንድ በልማድ 100 ግመል ይከፈላል፤ ካሳውን የሚያዋጣውም ሆነ የሚያስከፍለው ጎሳው ነው። በቁጥር አነስተኛ የሆኑት ጋቦዬዎች ግን በትልቅ ጎሳ ጥላ ሥር ያድሩ ነበር። ይህ ከለላ በጠባቂው ፈቃድ ላይ የቆመ እንጂ መብት አልነበረም።

ሕግና ለውጥ

በኢትዮጵያ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ፋቂውን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ይደነግጋል። በሶማሊያ ከቱማል ወገን የሆኑት ጄኔራል መሐመድ አሊ ሰመተር ከ1987 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ሹመቱ ግን የጋብቻውን አጥር አላፈረሰም።

አጋርነት

አዋጅ ከቤት ደጃፍ አልፎ ስለማይገባ የግለሰቦች አጋርነት ትልቅ ቦታ አለው። ማኅበረሰቡን ራሱ በመረጠው ስም መጥራት፣ ባልተገኘበት ሲሰደብ ዝም አለማለት፣ ከጋቦዬ ጋር የተጋባን ዘመድ አለማግለልና በሽምግልና እኩል ምስክርነት እንዲሰጠው መቆም ከመገለጫዎቹ መካከል ናቸው። የሃይማኖት መምህራንም ባሪያ የነበረው ቢላል የመጀመሪያው ሙአዚን መሆኑን እያነሱ ዘር ለክብር መለኪያ እንደማይሆን ያስተምራሉ።

አጋርነት ከጥንቱ ከለላ ይለያል። ጠባቂ ስለ ጥገኛው ሆኖ ይናገራል፤ አጋር ግን ባለጉዳዩ ራሱ እንዲናገር ቦታ ይለቅቃል።