የአረብ ብረት ጥንካሬ ከየት ይመጣል?

እ.አ.አ. በጃንዋሪ 16 ቀን 1943 ማታ፣ በአሜሪካ በፖርትላንድ ወደብ ቆማ የነበረችው ስኬነክተዲ የተባለች አዲስ የነዳጅ መርከብ በድንገት ለሁለት ተገመሰች። ማዕበል አልነበረም፤ ጠላትም አልመታትም። የሙከራ ጉዞዋን ፈጽማ ጸጥ ባለ ውሃ ላይ እንደ ቆመች ነበር። በጦርነቱ ዘመን በብየዳ በችኮላ ከተሠሩት መርከቦች ሌሎችም እንዲሁ ተሰብረው የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ብዙዎች ብየዳውን ወቀሱ። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ኮንስታንስ ቲፐር ግን ብረቱ ራሱ በብርድ ጊዜ ተሰባሪ እንደሚሆን አሳዩ።

እጩ መምህራንን ስለ አረብ ብረት ስጠይቅ፣ ዘወትር የማገኘው መልስ «ካርቦን ሲበዛ ይጠነክራል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን የእውነቱ ግማሽ ነው። ካርቦን ሲበዛ ብረቱ ተሰባሪም ይሆናል፤ ለብየዳም ያስቸግራል። ታዲያ ሳይሰበር የሚጠነክር ብረት እንዴት ይገኛል?

ብረት የጥቃቅን ክሪስታሎች ስብስብ ነው። እነዚህን ቅንጣቶች እንበላቸው። በእንግሊዝ አገር ይሠሩ የነበሩት ሆል በ1951፣ ፔች ደግሞ በ1953 እ.አ.አ. ቅንጣቱ ባነሰ መጠን ብረቱ እንደሚጠነክር በቀመር አስረዱ። ቅንጣትን ማሳነስ ጥንካሬን ሲጨምር ተሰባሪነትን ይቀንሳል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚሰጥ ሌላ ዘዴ እምብዛም የለም።

ችግሩ ግን ግለት ነው። የጋለ ብረት በመዳመጫ ሲያልፍ ቅንጣቶቹ ይደፈጠጣሉ፤ ወዲያውም በቦታቸው አዳዲስ ቅንጣቶች ይወለዳሉ። ይህ ዳግመኛ ክሪስታል መሥራት ይባላል። ግለቱ ከቀጠለ አዲሶቹም እያደጉ ይሄዳሉ።

በ1958 እ.አ.አ. ግሬት ሌክስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ጥቂት ኒዮቢየም የተጨመረበት አረብ ብረት ለገበያ አቀረበ። መጠኑ ከመቶ 0.03 ቢሆን ለአንድ ቶን ብረት 300 ግራም መሆኑ ነው። ብረቱ ጠነከረ፤ ይሁን እንጂ ወፍራም ሰሌዳ እንደ ልማዱ በከፍተኛ ግለት ሲዳመጥ ተሰባሪነቱ አልተወገደም። መድኃኒቱ የተገኘው በ1960ዎቹ ዓመታት የመዳመጡ ግለት ሲስተካከል ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኒዮቢየም በ1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በጋለው ብረት ውስጥ ይሟሟል። ግለቱ ከ1000 ዲግሪ በታች ሲወርድ ከካርቦን ጋር ተዋሕዶ እጅግ ደቃቅ ዝቃጭ ሆኖ ይወጣል። ዝቃጩ የቅንጣቶቹን ድንበር እንደ ችካል ይይዛል፤ አዲስ ቅንጣት እንዳይወለድም ያግዳል። በዚህ ጊዜ ብረቱ ሲዳመጥ ቅንጣቶቹ እንደ ተደፈጠጡ ይቀራሉ። ሲቀዘቅዝ የክሪስታሉ አቀማመጥ ይለወጣል፤ በተደፈጠጡት ቅንጣቶች ድንበር ላይም ብዙ ደቃቅ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። የነዳጅና የጋዝ ማስተላለፊያ ታላላቅ ቧንቧዎች በዚህ ዘዴ ይሠራሉ።

የሙያ ጓደኞቼ፣ የዚህን ነገር መጀመሪያ በክፍል ውስጥ ማሳየት አያስቸግርም። ቀጭን የመዳብ ሽቦ ደጋግማችሁ እጠፉ፤ ይጠጥራል። በአልኮል መብራት ነበልባል እስኪቀላ አግሉትና ሲቀዘቅዝ እንደገና እጠፉት፤ ይለሰልሳል። ምንም አልጨመርንበትም፤ የተለወጡት ቅንጣቶቹ ናቸው። ተማሪው ይህን በእጁ ከዳሰሰ፣ የአንድ ነገር ጠባይ ከምን እንደ ተሠራ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደ ተሠራም እንደሚወሰን አይረሳም።