ጠላፊው ላይ መሳቅ

መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ ከአሮጌ ዕቃ መሀል የመንግሥቱ ለማን «ጠልፎ በኪሴ» አገኘሁና ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። «ጋሼ፣ ምን አሳቀዎት?» አለኝ ነጋዴው። የተማሩ ወንደላጤዎች ሚስት ሊጠልፉ ሲዶልቱ ነዋ!

መንግሥቱ እንግሊዝ ተምረው፣ ሕንድ በዲፕሎማትነት ሠርተዋል፤ ኮሜዲውን ከዚያ ያመጡ የሚመስላቸው አሉ። እኔ አይመስለኝም። በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙት «መጽሐፈ ትዝታ» ከአባታቸው ከአለቃ ለማ አንደበት የተቀዳ ነው፤ ጨዋታውም ምፀቱም ከዚያው ቤት ነው። በ«ያላቻ ጋብቻ» የተማረው ሰው የቤት ሠራተኛውን ሲያገባ ዘመድ የሚንጨረጨርበትን አማርኛ ለንደን አያስተምርም።

ጠላፊው ላይ ማሳቅ ደግሞ ቀላል ነገር አልነበረም። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የጠለፋት ካገባችው ይምረው ነበር። መንግሥቱ በ1980 ዓ.ም. ሲያርፉ አንቀጹ በሥራ ላይ ነበር፤ የቀረው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው።