የቮልሷ አራት ቆዳ

ቮልሷን በገመድ እየሳብን ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ያለ ጋራዥ ያስገባናት 2015 ጥቅምት ላይ ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ፣ የጓሮው ጭቃ ገና ሳይደርቅ። አባቴ ካረፈ ወዲህ ሞተሯ አልተነሣም፤ ዘጠኝ ዓመት። ከፊት አንድ ሚኒባስ ይጎትታል፣ መሪውን ወንድሜ ይዟል፣ እኔና የሰፈር ልጆች ከኋላ እንገፋለን። ጋራዡ በር ስንደርስ ጋሼ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ብርጭቆውን መሬት አኖሩና፣ እኛን ሰላም ሳይሉ፣ መኪናዋን ዙሪያዋን ዞሯት።

ስማቸውን አልጠራም፤ አይወዱም። ሥራቸው ባትላሜራ ነው። ከጋዋናቸው ኪስ፣ ከተበላሸ ስፒከር የወጣች፣ በጨርቅ የተጠቀለለች ማግኔት አወጡ። ኮፈኑ ላይ አስጠጓት፤ ጥብቅ አለች። በሩም ላይ ጥብቅ አለች። ከበሩ ሥር፣ መረገጫው ጋ ሲደርሱ ግን ማግኔቷ አልያዘችም፤ እጃቸው ላይ ቀረች። ከኋለኛው ፓራፋንጎ አጠገብም እንደዚያው። ማግኔት ብረት ይይዛል እንጂ ስቱኮ አይይዝም። ቀጥለው በጣታቸው አንጓ አንኳኩ። ጤነኛ ላሜራ ይጮኻል፤ በስቱኮ የተሞላው ግን እንደ ደረቀ ድፎ ዳቦ ድፍን ድምፅ ይሰጣል።

«ልጄ፣ ማን ነው የሠራት?» አሉኝ።

«አላውቅም ጋሼ፤ አባቴ ነው ያሠራት፣ በ2004። ያኔ ተቀብታ ስትመጣ እንዴት ታምር ነበር መሰለዎት!»

«ተቀብታለች» አሉ። «አልተሠራችም።»

እንግዲህ ሥራው የተጀመረው በማፍረስ ነው። ፓራፋንጎዎቹ ቮልስ ላይ በብሎን የታሰሩ ስለሆኑ ተፈትተው ይወርዳሉ። ብሎኖቹ ግን ዝገው ከላሜራው ጋር አንድ ሆነዋል፤ ዘይት እየጠጡ ሁለት ሌሊት አድረው ነው እሺ ያሉት። ፓራፋንጎ ጣሊያንኛ ነው፤ ጭቃ መከላከያ ማለት ነው። ላሜራም፣ ኮፈንም፣ ፍሬቻም፣ ካንዴላም፣ የሰፈሩ ስም ፒያሳም ከዚያው የመጡ ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 የነበረው የጣሊያን ወረራ ሲያልፍ ቃሉ በሠራተኛው አፍ ቀረ። የጋሼ ረዳት የሆነው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሮምን በካርታ እንኳ አይቶ አያውቅም፤ ቃሉን ግን ልክ እንደ እናቱ ቋንቋ ይናገረዋል። የእሱ ቋንቋ ነዋ።

ቀለሙን ስናነሣ እኔ ግራይንደር አመጣሁ። ጋሼ ነጠቁኝ። ግራይንደር ስስ ላሜራን ያግለዋል፤ የጋለ ላሜራ ይለጠጣል፤ የተለጠጠውን ለመመለስ ደግሞ ሌላ ሳምንት ነው። ስለዚህ ሰፊው ቦታ ላይ ቀለም ማስለቀቂያ ቀባን፤ ቀለሙ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ሲኮማተር በስፓቱላ ገፈፍነው። ጎበጥ ጎበጥ ያለው ቦታ ላይ የብርጭቆ ወረቀት፣ ያውም በውሃ። ውሃው ለላሜራው ብቻ አይደለም። የጥንት ቀለም እርሳስ አለበት፤ ደረቁን ከፈተጉት ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ጋሼ አፍንጫቸውን በነጠላ ቁራጭ አስረው፣ የሰፈሩን ሕፃናት ከበር ይመልሱ ነበር።

ቀዩ ሲነሣ ነጭ ወጣ። ነጩን አውቀዋለሁ፤ ትምህርት ቤት የሄድኩበት ነው። ነጩ ሲነሣ አረንጓዴ ብቅ አለ። አረንጓዴ ቮልስ ኖሮን አያውቅም ብዬ ስከራከር እናቴ ምሳ ይዛልን መጣች። አየችውና ሰሃኑን ይዛ ቆመች። «በዚህችው ነው ሐኪም ቤት ያደረሰኝ» አለች፤ «አንተን ልወልድ።» ከዚያ በላይ አልተናገረችም። አረንጓዴው ሥር ደግሞ ሰማይ የመሰለ ፈዛዛ ሰማያዊ አለ፤ ከፋብሪካ የወጣችበት፣ አባቴ ሳይገዛት በፊት የነበረው። ያኔ ጋሼ መዶሻ አቀባይ ልጅ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱን መስከረም 2 ቀን 1967 ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት አውጥተው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የወሰዷቸው በቮልስ ነው። ጋሼ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ ትንሿ መኪና ምን ምን ተሸክማለች ይላሉ።

አሁን ስለ መረገጫው ስሙኝ። ስቱኮው በመሮ ሲነሣ ሥሩ ላሜራ የለም። ጋዜጣ ነው። ቀዳዳው ውስጥ ጋዜጣ ተጠቅልሎ ተጠቅጥቋል፣ በላዩ ስቱኮ ተለጥፏል፣ በላዩ ቀይ ቀለም። ጋዜጣው ረጥቦ፣ እርጥበቱን ይዞ፣ ለዓመታት ብረቱን ከውስጥ ሲበላው ኖሯል። አንድ የሲኒማ ማስታወቂያ ብቻ ይነበባል። ተናደድኩ፤ ዛሬም እናደዳለሁ። አባቴ ገንዘቡን ቆጥሮ ከፍሏል፣ ልጆቹን ጭኖ በዚህ ወለል ላይ ነድቷል።

ቮልስ የሚታመመው ከሥር ነው። ከበሩ ግርጌ ያለው ባዶ ቦይ ከሞተሩ የሚመጣውን ሙቅ አየር ወደ ፊት የሚያሳልፍ ነው፤ ውሃ ከገባበት መውጫ ያጣል። ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ስለሆነ አሲዱ የተንጠባጠበበት ወለል እንደ ወንፊት ይሆናል። የእኛዪቱ ወለል በቀኝ በኩል ሲታይ ከታች ያለው ጠጠር ይቆጠራል።

ጋሼ የዛገውን ቆረጡ፤ ጤነኛ ላሜራ እስኪያገኙ ድረስ ቆረጡ። እኔ «ይበቃል» ስል እሳቸው ሌላ ሁለት ጣት ጨመሩ። ዝገት ያለበት ዳር ላይ ከበየዱ ብየዳው ራሱ ይቦተረፋል። አዲሱን ላሜራ በካርቶን ለክተው ቆርጠው፣ መሐሉ በጎደጎደ የባሕር ዛፍ ጉቶ ላይ በእንጨት መዶሻ እየመቱ አጎበጡት። ብየዳው በነጥብ ነው፤ አንድ እዚህ፣ አንድ ወዲያ ማዶ፣ በመካከሉ እርጥብ ጨርቅ። በአንድ መስመር ከተነዳ ላሜራው ይንሻፈፋል።

አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ላሜራ ራቁቱን አያድርም። የተገፈፈው ሁሉ በዚያው ቀን ተጠርጎ፣ በናፍጣ ሳይሆን በቤንዚን ታጥቦ፣ አንቲረስት ይለብሳል። ናፍጣ ቅባቱን ይተዋል። አንድ ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ ኮምፕሬሰሩ ሲቆም በብሩሽ ቀቡት፤ እሑድ ከጊዮርጊስ ቅዳሴ መልስ መጥተው በወረቀት አስተካከሉት።

ገንዘቡ በየወሩ ስለሚመጣ ሥራው ዓመት አለፈው። ሶማሌ ተራ አንድ ደህና የግራ ፓራፋንጎ ለማግኘት ብቻ ሦስት ወር ተመላልሻለሁ። 2016 ጥር ላይ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ከለከለ። የካቲት ላይ እዚያው ፒያሳ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። መጋቢት ላይ ለኮሪደር ልማት ዶሮ ማነቂያ ፈረሰች፤ ጋራዡም፣ ሻይ ቤቱም፣ እናቴ ሰሃን ይዛ የቆመችበት ደጃፍም። ጋሼ አይሱዙ ላይ የጫኑት መጀመሪያ ጉቶውን ነው። ለአራት ሰው የከበደውን ጉቶ ረዳቱ ብቻውን ሊያነሣ ሲታገል አየሁት። ቮልሷ ግራጫ አንቲረስቷን ለብሳ፣ መስታወት ሳይኖራት፣ ዳግመኛ በገመድ ተሳበች። ማዘጋጃ ቤቱን አልፈን በቸርችል ጎዳና ስንወርድ ጋሼ ከጎኔ ተቀምጠው ወደ ኋላ ዞረው አላዩም። እኔ አየሁ። አቧራው ጊዮርጊስን ጋርዶት ነበር።

በከተማው ዳር፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ጨረሷት። መጨረሻ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው በመዳፋቸው ዳበሷት። ዓይን ይታለላል፣ መዳፍ አይታለልም ብለው ረዳቱንም አስጨፈኑት። «የት ነው?» ሲሉት እጁ ቀስ ብሎ ሄዶ የኋላው መስኮት ሥር ቆመ። ፀጉር የምታህል ጉብታ። ጋሼ ምንም አላሉም፤ ጥሩውን መዶሻ አቀበሉት።

ቀለሟን ሰማያዊ አደረግነው፤ እናቴ አረንጓዴውን ትመርጥ ነበርና ከኮፈኑ ውስጥ፣ ማንም በማያየው በኩል፣ የመዳፍ ስፋት አረንጓዴ ሳንነካው ተውን።

ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ዶፍ ወረደ። ጃንጥላ ይዤ ወጣሁና ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ከበሩ ሥር አየሁ። ጋሼ በመሰርሰሪያ ከከፈቷቸው አራት ቀዳዳዎች ውሃው ጠብ፣ ጠብ እያለ ይወጣል። አራቱንም ቆጠርኳቸው። ስልክ ደወልኩላቸው።

«ይወጣል ወይ?» አሉኝ፣ ሰላምታም ሳይሰጡኝ።

«ይወጣል፣ ጋሼ።»